ሐዳሳ የፈረመችበት በረራ

ማክሰኞ ጠዋት ሐዳሳ ቱላ ወዳለው መጋዘን ስትገባ የሥራ ባልደረባዋን ማርቆስን ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የለፉባት ይህች ሰው አልባ አውሮፕላን ክንፏን ወደ ላይ አቁማ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብላ ትነሣለች፤ ከፍ ካለች በኋላ ክንፏን ወደ ፊት አስተኝታ ትበራለች። ስትነሣና ስታርፍ በባትሪ፣ ረጅሙን መንገድ ደግሞ በትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው የምትሠራው። መኪና ለማይደርስባቸው የተራራ ጤና ጣቢያዎች ደም እንድታመላልስ ነበር የታሰበችው።

«ነይ እስቲ፣ ይቺን ንኪያት» አላት ማርቆስ። ክንፉን የሚያዞረው ዘንግ በጣቷ ተወዛወዘ።

«ጥርሱ ተበልቷል። መቀየር አለበት» አለ ማርቆስ።

መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ይፈጃል። አውሮፕላኗን አይተው ሥራውን ለመደገፍ የሚወስኑት እንግዶች የሚመጡት ግን ሐሙስ ነው።

የድርጅቱ ባለቤት ኢንጂነር ክብሩ ነገሩን እንደቆሙ ሰሙ። «የደኅንነት ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አሏት። «ካልፈረምሽ አትነሣም። ሐሙስ ካልታየች ግን ሁላችንም ወደየቤታችን ነን።»

ሐዳሳ አሰበችና «ክንፉን ሳናዞር ቀጥ ብላ ትነሣና ትረፍ» አለች። እሳቸውም እሺ አሉ። የበረራ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ግን ስለ ክንፉ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ፈረመች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አውሮፕላኗ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው የታጨደ ማሳ ተነሥታ አየር ላይ ቆመች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዱ «ክንፉ አይዞርም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ኢንጂነር ክብሩ መቆጣጠሪያውን ወደያዘችው ሐዳሳ ጠጋ አሉ። «አሳዪያቸው እንጂ!»

«ጋሽ ክብሩ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ።»

ማርቆስ የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል። ከሩቅ ምን እንደሚባባሉ አይሰማም። ሐዳሳ ክንፉን የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫነች።

ክንፉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተቀረቀረ። አውሮፕላኗ ወደ ጎን ተንሸራታ መሬቱን መታችና በአንድ ወገኗ ተጋደመች። ከሆዷ ጭስ ወጣ። ሐዳሳ የሞተር ማጥፊያ ቁልፉን ደጋግማ ብትጫንም ሞተሮቹ አልቆሙም። ማርቆስ እየሮጠ ሲደርስ «ተመለስ! ማርቆስ፣ ተመለስ!» ብላ ጮኸች። የተቀረቀረው ክንፍ ድንገት ተላቅቆ ዞረ፤ በላዩ የሚሽከረከረው የፕሮፔለር ስለት አንገቱን አገኘው። ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

ኢንጂነር ክብሩ ከልባቸው አለቀሱ። በነጋታው ግን ጠሯትና «ሳይፈቀድለት ቀረበ ብለሽ ጻፊ» አሏት። «እሱ እንደሆነ አይመለስም፤ ሥራው እንኳ ይትረፍ።»

ሐዳሳ ወጥታ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይዘምራሉ። የማርቆስ ሚስት ሩሀማ ስታያት አጠገቧ ያለውን ወንበር አመለከተቻት።

«ዘንጉ መላላቱን ታውቂ ነበር?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቅ ነበር።»

ሩሀማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ማክሰኞ ነግሮኝ ነበር። ‹እንግዲያው ሐሙስ አትሂድ› አልኩት። ‹ሐዳሳ እያለች ምንም አልሆንም፣ አታስቢ› አለኝ።»

ሐዳሳ እጇን ልትይዛት ስትል ሩሀማ እጇን ሰበሰበች፤ ቂም በፊቷ ላይ አልነበረም፣ ድካም ብቻ።

ሐዳሳ ቤቷ ገብታ ሪፖርቱን ጻፈች። ዘንጉ መበላቱን አውቄ ፈረምኩ፣ ክንፉንም ያዞርኩት በገዛ እጄ ነው አለች፤ ያዘዛትንም ሰው ስም አስገባች። መርማሪዎች መጋዘኑን አሸጉ። ኢንጂነር ክብሩ ትእዛዝ አልሰጠሁም ብለው ካዱ፤ እሷ በየሳምንቱ ቃሏን ለመስጠት እየተጠራች ትመላለሳለች። ለሩሀማ ብዙ ጊዜ ደወለችላት። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም።