ጀልባ የጋረደው በረንዳ

ምህረቴ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ለማየትም አልጓጓም። ቤቱ እንጅባራ ዳር፣ ወደ ዳንግላ ከሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነው። ደጃፉ ላይ ካለችው የድንጋይ መደብ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ አርባ ዓመት አልፎታል። ማን ከማን ጋር ባጃጅ እንደተሳፈረ፣ የማን በሬ እንዳነከሰ፣ የትኛው የቢሮ ሰው በስንት ሰዓት ከሥራው እንደሾለከ ያውቃል። ለማንም አይናገርም። ማወቁን ግን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ በደጁ የሚያልፍ ሰው ኮሌታውን ያስተካክላል።

የባሕሩን ነገር ያመጣችው ልጁ እመቤት ናት። ባሕር ዳር የመርከብ ኤሌክትሪክ ተምራ፣ ሰው ለሽርሽር በሚሳፈርባቸው ትልልቅ መርከቦች ላይ ትሠራለች። ዘንድሮ ወላጆቿን ለአንድ ሳምንት በነጻ የማሳፈር ተራ ደረሳት። አሠሪዋ ሁለት የመርከብ ኩባንያዎች አሉት፤ አንደኛው መርከቦቹን ሰማያዊ ይቀባል፣ ሌላኛው ነጭ። መምረጥ የወላጆቹ ፋንታ ነው።

ሰኞ ጧት ደወለች። የምህረቴ ሚስት ሸጋ ስልኩን፣ አፉ ድረስ የሞላ ማሰሮ እንደሚይዝ ሰው፣ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ ተከፍቷል።

"እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ወስኑ፤" አለች እመቤት። "ካለፈ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። የእኔ ተራ ከአራት ዓመት በፊት አይመለስም።"

"በአራት ዓመት ውስጥ አንዳችን እንቀንሳለን፤" አለች ሸጋ። "ንገሪን።"

"የሰማያዊው መርከብ አሥራ አራት ፎቅ ነው። ክፍላችሁ አሥረኛው ላይ ነው። በረንዳው ጠበብ ይላል፤ አጥሩ ግን መስታወት ነው። ቁጭ ብላችሁም፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁም ባሕሩ ይታያል።"

"መስታወት?" አለ ምህረቴ።

"አይሰበርም አባዬ።"

"የጎረቤታችን የሲቲ ሱቅ መስታወትም አይሰበርም ተብሎ ነበር። ፍየል ሰበረው።"

"ባሕር ላይ ፍየል የለም። የነጩ መርከብ ደግሞ አሮጌ ነው። ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ አጥሩ ብረት። ግን ከፊቱ የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሏል። ከጀልባው ሥር በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ባሕሩ አይታይም። ስለዚህ ሰው አይፈልገውም።"

ምህረቴ ከመደቡ ቀና አለ። "የምን ጀልባ አልሽ?"

"መርከቡ አደጋ ቢያገኘው ሰው የሚወርድበት።"

"እሱ እኛ ደጃፍ ላይ?"

"ልክ ከፊት ለፊታችሁ።"

"እና ሰው አይፈልገውም?"

"እይታ ይጋርዳላ።"

"ፈረንጅ ሲጠግብ እንዲህ ነው፤" አለ ምህረቴ። "ሌላው አሥር ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ውሃውን እያደነቀ ይሰምጣል። እኛ በራችንን ከፍተን ጀልባችን ውስጥ እንገባለን። ነጩ ነው። ጨረስን።"

"አልጨረስንም፤" አለች ሸጋ።

ምህረቴ ያልሰማ መሰለ። "ምግቡስ? ጾም ላይ ብንውልስ?"

"ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይነኩ ሰዎች በሁለቱም መርከብ ሞልተዋል። ለብቻ ይሠራላቸዋል።"

"ፈረንጆች?"

"አዎ።"

"መቼ ይፈስካሉ?"

"አይፈስኩም።"

ምህረቴ ጥቂት አሰበ። "ምን ኃጢአት ሠርተው ነው?" አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ሸጋ ወደ ጓሮ አልገባችም፤ ቆመች። እንዲህ ስትቆም ነገር አለ።

"የምሄደው ጀልባ ለማየት ነው?" አለች። "ጓሮ ነው የኖርሁ። ከፊቴ አንድ ነገር ሳይገተር የዋልሁበትን ቀን አላስታውስም። አንዳንዴ ግድግዳ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንተ። አንድ ሳምንት ምንም የማይጋርደው ነገር ልይ።"

"ውሃ ምን ይታያል? እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር።"

ሸጋ ውሃ ምን እንዳደረገው ታውቃለች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ምህረቴ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ውሎ፣ ክረምት በሞላው ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ፈረሱን ወሰደበት። እሱ ቁጥቋጦ ይዞ ወጣ። ቤት ሲደርስ ፈረሱን ሸጥሁት አለ፤ በጥሩ ዋጋ። ለባልንጀሮቹም እንዲሁ አለ። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ከገበያ እስከ ደረቱ ርሶ የገባ ሻጭ ሸጋ ያኔ ነው ያየችው። ልብሱን ጨምቃ አሰጣችው፤ ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም።

ማክሰኞ ምህረቴ የነጩን መርከብ ብልጫ ሊያስመሰክር ተነሣ። ከልጁ የተቀበለውን የበረንዳ ልክ ወደ ክንድ መልሶ፣ ደጃፉ ላይ መደቧን መካከል አድርጎ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ተከለ፤ ዙሪያውን በገመድ አሠረ። ወርዱ ስድስት ክንድ፣ ወደ ፊት አራት ክንድ። የሰማያዊውን ሦስት ክንድ በቀይ ክር ብቻ አመለከተው፤ እንጨት አላባከነበትም።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ሲቲ መቀነቷን እያጠበቀች ተሻገረች። "አያ ምህረቴ፣ ድንኳን ነው? ማን ሊዳር ነው?"

"መርከብ ነው።"

"እሰይ። ውሃው መቼ ይመጣል?"

"ወሬሽን ተይና ልኩን እይ። ይህ ነጩ ነው፤ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል። እዚያ ክሩ ጋ ያለው ሰማያዊው ነው፤ ጉልበትህን አጥፈህ እንደ ዶሮ።"

ሲቲ ገብታ ተቀመጠች። "የነጩ ይሻላል፤" አለች። "መንገዱም ሱቄም ይታየኛል።"

ምህረቴ ሚስቱን በድል አያት። ሸጋ ድንች እየላጠች ነበር።

"ጀልባውስ?" አለች።

"የምን ጀልባ?"

"ከፊት የሚሰቀለው። ያለ ጀልባማ ነጩ አይደለም።"

ቢላዋዋን አስቀምጣ ወጣች። ከጎረቤት ግንባታ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠራች። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሥራ ፈት የሆነችውን የምህረቴን የፈረስ ጋሪ ከጓሮ አስጎትታ፣ አራት ባዶ በርሜል ደርድራ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት በርሜሎቹ ላይ አሰቀለቻት። ጋሪዋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ጋረደችው። ከሥሯ የቀረው አንድ ክንድ ተኩል ክፍት ብቻ ነው።

"ሳምንት ነው የምንሄድ፤" አለች። "ከነገ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን እዚህ ተቀመጥ። ከቻልህ ነጩ ይሁን፤ ቃሌ ነው።"

"ሦስት ቀንማ በአንድ እግሬ ቆሜ።"

"ቆሞ ማየት የለም። መቀመጥ ነው።"

ሲቲ ምስክር ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ረቡዕ ምህረቴ ጣውላ ሲያይ ዋለ። የጋሪዋ ጎን አሥራ አንድ ጣውላ ነው። ስድስተኛው ላይ ያለው አንጓ የጉግሳ አክስት ፊት ይመስላል፤ ጉግሳ ድሮ የሞተ ጎረቤቱ ነው። እስከ ምሳ ድረስ ያገኘው አዲስ ነገር ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብሎ እግር ማየት ጀመረ። እግር ጥቂት ያወራል። አንድ ዘወትር ሱፍ የሚለብስ የቢሮ ሰው፣ ካልሲው አንዱ ጥቁር አንዱ ቡኒ መሆኑን አወቀ። ይህን ባያውቅ ኖሮ ይሻለው ነበር።

ሸጋ ድንቿን ይዛ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከመደቧ ላይ ስትቀመጥ ይህ መጀመሪያዋ ነው።

"ደኅና ጀልባ ነው፤" አለች። "ጠንካራ።"

ምህረቴ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኮቴ ሰማ።

የጋሪ ፈረስ ኮቴ አይደለም። የሚዘፍን ኮቴ ነው። በጋሪዋ ሥር አራት እግሮች አለፉ፤ እስከ ጉልበታቸው ነጭ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር። የፈረሱ ልብስ ዘርፍ ቀይና ቢጫ ነበር። ምህረቴ አገጩ ጉልበቱን እስኪነካ ጎነበሰ። እግሮቹ አልፈው ተመለሱ። ቆሙ። እንደገና ሄዱና እንደገና ተመለሱ። ሦስት ጊዜ። ምህረቴ አንገቱ ተንቋቋ፤ ከሆዱ በላይ ምንም አላየም። መነሣት ደግሞ በሚስቱ ፊት መሸነፍ ነው። ኮቴው ራቀ።

ወዲያው ሲቲ መጣች።

"አያ ምህረቴ፣ አዩት?"

"ምኑን?"

"የአያ ይኸነውን ፈረስ። ከዳንግላ ነው ያመጣው።"

ይኸነው የምህረቴ ባልንጀራ ነው፤ ባላጋራውም። በጥር ወሩ የፈረስ በዓል ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ጋልበዋል። አገሩ ላይ ፈረስ ሲገዛ መጀመሪያ በምህረቴ ደጅ ይመራል። ምህረቴ አገጩን ወደ ላይ ብድግ ካደረገ ፈረሱ ፈረስ ነው። ወደ ጎን እንትፍ ካለ ባለቤቱ ለጋሪ ይሸጠዋል።

"ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤" አለች ሲቲ። "ኋላ ሱቄ በር ላይ ወርዶ፣ 'ምህረቴ ቀንቶብኝ ጋሪ ገትሮ ተደበቀ' እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሰምቷል።"

"ተደበቀ?"

"እንዲያ ነው ያለው። እኔማ አይደለም፣ ሽርሽር ላይ ናቸው ብዬ ነበር።"

ምህረቴ በአርባ ዓመት ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ። "ምን ዓይነት ፈረስ ነው?"

"ፈረስ ነዋ። አራት እግር አለው።"

"እግሩንማ እኔም አይቻለሁ። ግንባሩ ላይ ኮከብ አለው? አንገቱስ?"

"እኔ ስኳር እየመዘንሁ ነበር፤" አለች ሲቲ።

ያን ቀን ምህረቴ ምሳውን አልጨረሰም።

ዓርብም ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ቆም እያሉ ሲሳሳቁ ይሰማል፤ እነማን እንደሆኑ አያይም። እግራቸውን ለይቶ ሊይዝላቸው ሞከረ፤ ብዙ ሆኑበት። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ሸጋ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣውላውን ታያለች። አትናገርም፣ አትተክዝም፣ አትቸኩልም። ሦስት ቀን ሙሉ ይህ ነው ያናደደው። እሱ ሦስት ቀን ያልቻለውን ነገር እሷ ለምዳዋለች።

"ያ መርከብ፤" አለ በመጨረሻ፤ "ሰማያዊው። ቢገለበጥ በምን ይወጣል?"

"እሱም ጀልባ አለው። ከታች ነው የተሰቀለው አለች ልጅህ፤ በደረጃ ይወረዳል።"

"አሥር ፎቅ ለመውረድ ጉልበት ይጠይቃል።"

"አንተ ውሃ ካየህ ትሮጣለህ።"

ምህረቴ ዞር ብሎ አያት። ሸጋ ከጣውላው ዓይኗን አልነቀለችም።

"ያን ፈረስ ለማን ነበር የሸጥኸው?" አለች ቀስ ብላ።

ምህረቴ እጁን ወደ ጋሪዋ ዘረጋ።

"ሰማያዊው ይሁን፤" አለ። "ጀልባውን አንሱልኝ።"

የቀን ሠራተኞቹ ጋሪዋን ሲያወርዱ መንገዱ እንዳለ ተከፈተ። ሰው፣ ባጃጅ፣ ከሰል የጫነ አህያ፣ የሲቲ ሱቅ፣ ማዶ ያለው ሰማይ። ምህረቴ ለሁለት ቀን ተኩል ውሃ ተከልክሎ እንደተለቀቀ በሬ ጠጣው። ሸጋ ደወለች። "ሰማያዊው፤" አለች፤ "መስታወቱ።" አሥር ተኩል ነበር።

ጋሪዋ መውረዷን ሲቲ ሳታደርስ አልቀረችም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይኸነው በአዲሱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ብቅ አለ። አካሄዱ የተቀየመ ሰው አካሄድ ነው፤ ልብሱ ግን የበዓል ነው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ኮከብ አለው። አንገቱ ቀስት ነው። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ምህረቴን ያያል።

ምህረቴ ቀናተኛ መባሉ አንገብግቦታል። ፈረሱን በቅጡ ሳይመረምር አገጩን ወደ ላይ ብድግ አደረገ። የይኸነው ደረት ተነፋ።

"አያ ይኸነው፤" አለች ሸጋ ከመደቡ ላይ። "የኋላ ግራ እግሩን ሐኪም ይየው።"

"ምን ሆኖ?"

"ይጎትተዋል። ቆሞ ሲነሣ ነው የሚብስ። ሐሙስ ለት ሦስቱንም ጊዜ አይቸዋለሁ።"

ይኸነው ልጓሙን ሳበ፤ ፈረሱ ቆመ፤ ተነሣ። ምህረቴ አሁን አየ። እግሩ ከአስፋልቱ ላይ አቧራ ጠርጎ ነው የተነሣው። ሐሙስ ዕለት እሱም ያንኑ እግር አይቶ ነበር፤ የፈረሱን አንገት ለማየት ሲጣጣር እግሩን ልብ አላለውም።

"ሻጩ 'ሲደክመው ነው' ብሎኝ ነበር፤" አለ ይኸነው። ድምፁ አነሰ። ከፈረሱ ወርዶ እየሳበው ሄደ። ሲቲ ሱቋ በር ላይ የስኳር መዛኛዋን እንደያዘች ቀርታለች።

ምህረቴ ሚስቱን ከጎን አያት። አርባ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህን የሚያህል ዓይን ጓሮ ድንች ሲልጥ እንደኖረ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

"አጣናውን ልንቀለው?" አለ።

"ተወው። ለምጄዋለሁ።" ሸጋ እግሯን እስከ ገመዱ ዘረጋች። "መርከቡ ላይ ደግሞ ከመስታወቱ አጠገብ ያለው ወንበር የኔ ነው።"

"እኔስ?"

"አንተ ከኋላዬ። ከበሩ ጋ። ከፈራህ ለመሮጥም ይቀርብሃል።"

ምህረቴ መንገዱን እያየ ትንሽ አሰላሰለ።

"ያ መርከብ ላይ የሚሰጡት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ፤" አለ፤ "ለብሶ መተኛት ይከለከላል ወይ? ልጅቱን ጠይቂልኝ።"