ትልልቆቹ ዛጎሎች

ወለላ ዛጎሎቹን ራሷ ወርዳ አልለቀመችም፤ ስህተቱ ይኸው ነው። ስብሰባ ነበረባት፤ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው የመስክ ሠራተኛ የሆኑት የጋሼ አበባው ቤት ደግሞ ከወንዙ አጠገብ ነው። ባልዲ ሰጥታ ላከቻቸው። አሁን ባልዲው ጠረጴዛዋ ላይ ነው፤ ናሙናውን ባሕር ዳር ላቦራቶሪ የሚያደርሰው መኪና በስምንት ሰዓት ይነሳል። መርዝ ዛጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ የወርቅ ማውጫው እጣቢውን ወንዙ ውስጥ መልቀቁን ይቀጥላል፤ ከታች ያሉት ሦስት ቀበሌዎችም ያንኑ ይጠጣሉ።

አንዱን አነሳች። መዳፏን ሞላው።

«ከድልድዩ በታች ነው የለቀሙት?»

«ልክ አንቺ ባልሽኝ ቦታ።»

«እጅዎ ላይ ጭቃ የለም።»

«ታጥቤ ነዋ! ቢሮ በጭቃ ልግባ?» ሳቁ። «ተማርን የምትሉ ደግሞ የሰው ጥፍር ማየት ጀመራችሁ።»

አልሳቀችም። ከማውጫው ቁልቁል ካለው ከድልድዩ በታች ሴቶቹ በየሳምንቱ ዛጎል ይለቅማሉ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት እንዲጠነክር ቆልተው ይፈጩና ከዶሮ መኖ ጋር ይቀላቅሉታል። እዚያ ከአውራ ጣት የሚበልጥ ዛጎል አይተርፍም። ትልቁ የሚገኘው ማንም ደፍሮ በማይለቅምበት፣ ከማውጫው በላይ ባለው የጠበሉ ወራጅ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህ የጠበሉ ናቸው።»

«ማን አለ?»

«መጠናቸው።»

ጋሼ አበባው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ያው አንድ ውሃ አይደል?»

«አይደለም። ማን ላከዎት?»

«ማንም። ዘመናይ ማውጫው ወጥ ቤት ከተቀጠረች ገና አራት ወሯ ነው። ቢዘጋ ልጄን የት ልትወስጃት ነው?»

ወለላ እግራቸውን አየች። አዲስ የላስቲክ ቦት ጫማ፤ ማውጫው ለሠራተኞቹ የሚያድለው ዓይነት።

«ይሄስ?»

«እሷው ናት ያመጣችልኝ።»

ምናልባት እውነት ነው። ምናልባት አይደለም። ሌላ ጥያቄ መረጠች።

«ባለቤትዎ እትዬ የኔአለም አሁንም ለዶሮ ዛጎል ይፈጫሉ?»



«ትታዋለች።»

«ከመቼ?»

«ከሰኔ። ዶሮዎቹ ካለቁ ወዲህ።»

«ውሃስ ከየት ነው የምትቀዱት?»

በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አዩ። ድምፃቸው ወረደ። «ለቄሱ እንዳትነግሪ። ከጠበሉ ነው፤ በጀሪካን።»

«ጎረቤቶችዎስ?»

ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው ደፉ።

ወለላ እስክሪብቶ አንስታ ባልዲው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት «ከድልድዩ በታች» የሚለውን ሰረዘች፤ «ከጠበሉ፣ ከማውጫው በላይ» ብላ ጻፈች። ንጹሑም ለማነጻጸሪያ ይሄዳል። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ሥር ባዶ ባልዲ ጎተተች።

«ቦት ጫማውን ያውልቁ።»

«ምን?»

«ወንዝ ልወርድ ነው። ያውልቁ፣ ጋሼ።»

አወለቁ። ስታጠልቀው ሰፋት፤ ማሰሪያ ስለሌለው ጣቷን ውስጥ ቆልመም አድርጋ ያዘችው።

«መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«ነገም መኪና አለ።»

ጋሼ አበባው በካልሲ እንደተቀመጡ ወጥታ በሩን ዘጋችባቸው።