ቁልል ማንኪያ

ጓዴ ከሕፃኑ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጋር የመጣችውን ትንሽ ማንኪያ ዱቄቱ ውስጥ ነከራት፤ አናቷን እንደ ቁና ቆልሎ አወጣትና ጡጦው ውስጥ ገለበጣት። ደገመ። "ሁለት ተብሏል፣ ሁለት" አለ ለራሱ። ጡጦው ፈልቶ የበረደ ውሃ ነበረበትና በጠበጠው።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ርብቃ "አናቱን ጠርገው ይስፈሩ" ብላው ነበር። ጠርጎ የሚሰፍር ሰው ግን ጓዴ አይቶ ጠግቧል። አባታቸው ሲሞቱ ይበልጣል የተባለው ታናሽ ወንድሙ የገብሱን ድርሻ ሲሰፍርለት የቁናውን አናት በክንዱ እየጠረገ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ያ ክንድ ከዓይኑ አልጠፋም። ለልጅ ልጁም እንዲያ ሊሰፍር? አያደርገውም።

ልጁ ሐረገ ወይን፣ የሕፃኑ እናት፣ ጡቷን ታማ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሚስቱም እሷን ልታስታምም ሄዳለች። ሕፃኑን በመያዝ ለማገዝ ሳትጠራ የመጣችው የይበልጣል ሚስት ፅጌረዳ ናት። ጡጦውን አጥባ ትቀቅላለች፤ ጓዴ አንድ ቀን አላመሰገናትም።

በአምስተኛው ቀን ሕፃኑ ሽንቱ ቀነሰ፤ ከንፈሩ ደረቀ፤ ለቅሶውም እየሰለለ ሄደ። ጓዴና ፅጌረዳ ይዘውት ጤና ኬላ ሄዱ።

"ወተቱን ማነው የሚቀላቅለው?" አለች ርብቃ። አግዳሚው ላይ ሦስት እናቶች ክትባት ይጠብቃሉ።

ጓዴ በአገጩ ወደ ፅጌረዳ ጠቆመ። "እሷ ናት።"

"ታዲያ አያ ጓዴ ሊቀላቅል ኖሯል?" አለች አንዷ እናት። "ሻይ እንኳ ሚስቱ ናት የምታማስልለት።" ሌሎቹ ሳቁ።

ፅጌረዳ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። "እኔ ነኝ" አለች።

"እንዴት አድርገሽ?"

"ያኔ እንደነገርሽን። ውሃ አፍልቼ፣ አብርጄ፣ ለስድሳ ሚሊ ሊትሩ ውሃ ሁለት ማንኪያ፣ አናቱን ጠርጌ።"

"እንግዲያ ከወተቱ አይደለም።" ርብቃ ወረቀት ሳበች። "ሌላ በሽታ ይሆናል፤ እንዲያ ብዬ ለጤና ጣቢያው ልጻፍ። ወተቱን ግን እንደለመደው ስጪው።"

እንደለመደው። ይህ ማለት ያው ቁልሉ ማንኪያ ነው። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ ጓዴን ያያል፤ የማየት አቅም እንኳ ያለው አይመስልም።

"ቆይ ልጄ፣ አትጻፊ" አለ። "የምቀላቅለው እኔ ነኝ። እሷ ጡጦ ከማጠብ በቀር አልነካችም።"

ርብቃ ብዕሯን አስቀመጠች።

"እርስዎስ እንዴት ሰፈሩት?"

"ቆልዬ።"

"ምን ያህል?"

"እስኪፈስ።"

"ጠርገው ብዬዎት አልነበረም?"

ስለ ይበልጣል ክንድ ሊናገር ነበር፤ የወንድሙ ሚስት ግን አጠገቡ ቆማለች። ዘጠኝ ዓመት ተሸክሞት የኖረው ነገር ድንገት የልጅ ኩርፊያ ሆነበት። "እንዲጠግብ ብዬ ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ርብቃ አልጮኸችበትም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። "ወተት ሲወፍር ገላውን ያደርቀዋል" አለች በቀስታ። "ስንት ቀን ሆነው?"

"አምስት።"

የጀመረችውን ወረቀት ቀድዳ ሌላ ጻፈች። "አሁኑኑ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እንዴት እንደተሰፈረ ሐኪሙ ይጠይቃል፤ በደንብ ይንገሩት።"

ደጅ ሲወጡ ፅጌረዳ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "ለሐኪሙ እኔ ነኝ እላለሁ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እዚያም ሰው ይሰማል።"

ጓዴ ወደ መንገዱ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። ባጃጅ ቆመላቸውና ገቡ።

"አባባ፣ ሕፃኑ ምን ሆነ?" አለ ሹፌሩ ዞር ብሎ።

ፅጌረዳ አፏን ከፈተች። ጓዴ ቀደማት።

"እኔ ነኝ፣ ወተት አወፍሬ ያሳመምሁት" አለ። "በል ንዳው።"