የሚታጠፈው ወይስ የሚጨመቀው

ዶክተር ሊዮር ሁለቱን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው፣ ታየ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። ተዘግቷል። ተመስገን።

ሌላ ጊዜ እዚሁ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የምታስተረጉምለት ልጁ ሊታል ነበረች፤ ለስኳሩም ለዓይኑም። ለዚህኛው ግን እንኳን ልጁ ግድግዳውም ባይሰማ ደስ ባለው። ስለዚህ ፋብሪካ በለመዳት ዕብራይስጥ ብቻውን ገባ፤ ሚስቱን ፈንታዬን እንኳ ኮሪደር ላይ አስቀምጧታል። ስኳሩ ወንድነቱን ስለነጠቀው ሶፋ ላይ ማደር ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ይሄኛው ብልትህ ውስጥ የሚገባ፣ የሚታጠፍ ዘንግ ነው» አለ ዶክተሩ። «ስትፈልግ ቀጥ ታደርገዋለህ፣ ስትጨርስ ታጥፈዋለህ። ቀላል ነው፤ ግን ሁልጊዜ ጠንካራ ነው።»

ታየ ለበዓል ከጎረቤቶቹ ከእነ ዓለሙ ጋር ሚቅዌ፣ የመንጻቱ መታጠቢያ፣ ሲወርድ በዓይኑ መጣበት። እነዚያ ምላሳሞች! ራቁቱን አይተውት ዝም ሊሉ? ሳቁ ሰፈራቸውን አሚሻቭን ያዳርሳል።

«ይሄኛው ደግሞ በውሃ ይሞላል። ፓምፑ የቆለጥህ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፤ ስትጨምቀው ይቆማል፣ መልቀቂያውን ስትጫን ይተኛል። ጣቶችህ ደህና ናቸው?»

«በሰደር!»

ምን በሰደር፣ ምን ደህና! ቀኝ እጁ ከደነዘዘ ከርሟል። ከሥራ እንዳያስወጡት ለማንም ትንፍሽ ሳይል የኖረ ሰው፣ አሁንም ልማዱ ቀደመው።

«በል ሞክረው። ኦፕራሲዮኑ እሑድ ነው፤ ዛሬ መምረጥ አለብህ። አንዴ ከገባ ወደ ድሮው መመለስ የለም።»

ታየ ጨመቀ። ወይ ፍንክች። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ደግሞ ጨመቀ። ፓምፑ አምልጦት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ዶክተሩ ብዕሩን አነሳ። «የሚታጠፈውን ልጻፍ?»

«በሰ...» ቃሉን ሳይጨርስ ተነስቶ በሩን ከፈተ። «ፈንታዬ፣ እስቲ ነይ።»

ገባች። ዕቃዎቹን አየች፤ ከዚያ እጁን።

«ጣቶቼ እምቢ አሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ? ጠዋት ጠዋት የሸሚዝህን ቁልፍ የምቆልፍልህ ለምን መሰለህ?» ፓምፑን ከወለሉ አንስታ ሁለት ጊዜ ጨመቀችው። ዕቃው ቀጥ አለ። ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ይሄ ነው እንዲህ ያላበህ?»

«ታዲያ ማን ይጨምቅልኛል?»

«ሶፋው ይጨምቅልህ!» አለችና ያለቻትን ዕብራይስጥ አሰባስባ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ሚስት ብትጨምቀው ይሠራል?»

«ይሠራል። ብዙ ሚስቶች ይጨምቃሉ።»

«እንግዲያው የሚጨመቀውን ጻፍ።»

ታየ ብዕሩን በደነዘዙት ጣቶቹ ይዞ ሲፈርም፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የያዘችለት እሷ ናት።