አትሂጂ የሚል ጠፋ

የካዛንቺስ ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በድብቅ፣ አንዴ በአደባባይ። በድብቁ ጊዜ ፓስፖርት ያወጣል፣ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ ደላላ ጋ ይመላለሳል፤ የት ዋልክ ሲሉት አክስቴ ጋ ይላል። የሰው ዓይን ካረፈበት ነገሩ ይበላሻላ! ቪዛው እጁ ከገባ በኋላ ደግሞ መደበቁ በተራው ነውር ይሆናል፤ ሰፈርተኛው ሰምቶ እልል ይላል፣ በርበሬና ሽሮውን ቋጥሮ ይመጣል። በሁለቱ መሀል ቁጭ ብሎ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ የሚማከርበት ጊዜ ግን አልተሠራለትም። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም፤ ሁሉም የሚያደርገው ግን እንዲሁ ነው።

ዙለይካም የልጇን መሄድ የሰማችው እንደማንኛውም ጎረቤት ቪዛው ከወጣ በኋላ ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነበር። ዙለይካ ከወሎ መጥታ እዚሁ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የከረመች፣ በመስኮቷ ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ናት። ዘሃራ አንድ ልጇ ናት፤ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ባምቢስ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፉት በጋሽ ታዲዎስ ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናት።

ዘሃራ ከሥራ ገብታ የሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀመጠችና «እማ፣ ዱባይ ወጣልኝ። የቤት ሥራ ነው» አለች።

የዙለይካ ሆድ «አይሆንም» አለ። አፏ ግን «አልሃምዱሊላህ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለና ልጇን አገላብጣ ሳመቻት። ዘሃራ እየተሳመች የእናቷን ፊት ትኩር ብላ አየችው። ዙለይካ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ምን ታድርግ? በዚህ ሰፈር ሊሄድ የተነሣን ሰው «ቅር» የሚል ሰው ስሙ አንድ ብቻ ነው፤ ምቀኛ። እናት ብትሆንም አይቀርላትም። ከዚያ ወዲያ በልጅቷ ኑሮ ለሚጎድለው ሁሉ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ትዳሩ ቢከፋ፣ ኪራዩ ቢወደድ፣ «ያኔ ብሄድ ኖሮ» ይባላል፤ ተብሎም ዓይን ወደ እናት ይዞራል። ዙለይካ ይህን ፈራች።

ደግሞም እሳቱን የለኮሰችው ራሷ ሳትሆን አልቀረችም። ጎረቤቷ ጀማነሽ መድኃኒት የምትባል ልጇን ዱባይ ከላከች ስድስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መድኃኒት በላከችው ብር ፍሪጅ ተገዝቶ ግቢ ሲገባ፣ ዙለይካ በሯ ላይ ቆማ «ልጅ ማለት እንዲህ እናቱን ሲያስብ ነው» ብላ ነበር። ለወግ ያህል ያለችው ነው እንጂ ፍሪጅ ምን ያደርግላታል? ሳሙና ልታቀዘቅዝበት ነው? ብቻ ዘሃራ ከኋላዋ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ሰማች።

ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ጋሽ ታዲዎስ ከባምቢስ በእግራቸው መጡ። መስኮቱ ላይ ቆመው አንድ ሳሙና ገዙ። ከዚያ ሁለተኛ ሳሙና ገዙ።

«ወይዘሮ ዙለይካ፣ ማለቴ... ዘሃራ መሄዷ ቁርጥ ሆነ አይደል?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ወጥቶላታል።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አሉ ጋሽ ታዲዎስ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም። ሦስተኛውን ሳሙና አንሥተው እያገላበጡ ቆዩ። «እኔ እኮ ስታዲየም ጋ አንድ ቤት ይዣለሁ። የስፖርት ልብስ ላሰፋበት ነው። ቤቱን ለሷ ልሰጣት፣ ትርፉን አብረን ልንካፈል ነበር ሐሳቤ። ታዲያ አሁን እኔ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ለራሱ ጥቅም ብሎ ሊያስቀራት ነው ይሉኛል። እርስዎ እናት ነዎት። እርስዎ ቢነግሯት ነው የሚያምረው።»

ዙለይካ ደስታዋ እንዳይታወቅባት ሳሙናዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች «እስቲ እነግራታለሁ» አለች።

አልነገረቻትም። መቼም ሳትሞክር አልቀረችም። «ዘሃራ» ትላለች።

«አቤት እማ።»

«...እራትሽን ብዪ እንጂ።»

እንዲህ እያለች ቀኑ አለቀ። አንድ ጊዜ ራሷ ዘሃራ፣ ካልሲዋን እየጠቀመች አንገቷን ሳታቀና «ብቻሽን ስትሆኚ አትፈሪም እማ?» አለቻት። ዙለይካ «እፈራለሁ» ልትል ነበር። የልጇን እግር ማሰር መስሎ ስለታያት ግን «ምን እፈራለሁ፣ ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቶ!» ብላ ሳቀች። ዘሃራ መጥቀሟን ቀጠለች።

የጉዞው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ሙሉ ቤቷ ገባ። ሻንጣው አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ዱባይ ዘመድ ያለው ሁሉ አደራውን ይዞ መጥቷል፤ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ለአንዷ ጥልፍ ቀሚስ፣ ለሌላዋ ጠበል። የሚሄድ ሰው ደግሞ ለማንም አልይዝም አይልም፤ ያለ እንደሆነ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ጠገበ ይባላል። ከሁሉም ከባዱ ጀማነሽ ለልጇ ለመድኃኒት የላከችው ሽሮ ነበር፤ በሁለት ፌስታል ተደርጎ የጥጃ ጭንቅላት አክሏል።

ስታዲየም አጥር ሥር አላፊ አግዳሚውን እየመዘነ የሚተዳደረው ኢብሮ ሚዛኑን ይዞ መጣ። ዘሃራ መጀመሪያ ብቻዋን ወጣችበት፤ ቀጥሎ ሻንጣውን ታቅፋ ወጣች።

«አልፏል፣ ዘሃሪና» አለ ኢብሮ ጎንበስ ብሎ እያየ። «በጣም ነው ያለፈው። በቃ የሆነ ነገር መውጣት አለበት።»

ዘሃራ ሻንጣውን ከፍታ እጇን ወደ አንዱ ፌስታል ስትሰድ ዙለይካ ቀደመቻት። «የሰው አደራ አይነካም! ከራስሽ አውጪ።»

ከራሷ አወጣች። ብርድ ልብሷ ወጣ፣ ተመዘነ፤ አሁንም አለፈ። ጫማዋ ወጣ፤ አለፈ። ለራሷ ቆርጣ የሰፋችው ቀሚስ ወጣ። በመጨረሻ ከልብሱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን ትልቁን የጨርቅ መቀሷን አወጣችው። በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው ነው።

«የቤት ሠራተኛ መቀስ ምን ያደርግላታል?» አለች አንዷ እየሳቀች።

«እንዲያው የልብስ ሰፊ ቤት ባገኝ ብዬ» አለች ዘሃራ። መቀሱን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። ሻንጣው አሁን ልክ ሆኗል። ውስጡ ካለው ውስጥ የሷ የሚባል ብዙም አልነበረም።

ጀማነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። ተነሥታ መጣችና የራሷን ሽሮ ከሻንጣው ጎትታ አወጣች።

«ኧረ ጀማነሽ፣ የልጅሽ አይደለም እንዴ?» አለች ዙለይካ።

«ነው። ይቅር።» ጀማነሽ ወደ ዘሃራ ዞረች። «አንቺም ቅሪ። አትሂጂ።»

እንዲህ ያለ ቃል በሽኝት ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

«ለመድኃኒት ይቺን ቃል ሳልናገር ቀርቼ ይኸው ስድስት ዓመቴ» አለች ጀማነሽ። «ፍሪጁን አያችሁልኝ፤ እሷን ግን ስድስት ዓመት አላየኋትም። አንቺ ሥራ አለሽ፣ እጅ አለሽ። በቃ ቅሪ።»

ለዙለይካ ዕድሏ ራሱ ከፊቷ መጥቶ ቆመላት። ቀን ከሌት ስትመኘው የነበረውን ቃል ሌላ ሰው አውጥቶ ተናግሮላታል፤ የሚቀራት «እውነቷን ነው» ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰዉ ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። ምን እንደምትል ይጠብቃል። ደነገጠች፤ ስትደነግጥ ደግሞ መቆጣት ትወዳለች።

«ጀማነሽ! የራስሽን ልከሽ፣ ቤትሽን ሞልተሽ፣ የኔን ልታስቀሪ? ይኼ ምቀኝነት ነው!»

ስትፈራው የኖረችውን ስም በሰው ላይ ለጠፈችው። ጀማነሽ ሽሮዋን አልጋው ላይ ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዘሃራ መቀሱን ጨብጣ እናቷን አየች። «አንቺስ እማ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ» አለች ዙለይካ። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ጮክ አድርጋ ነው የተናገረችው። «አላህ የሰጠሽን ማን ይከለክላል? ሂጂ።»

ዘሃራ ተነሣች። ከዚያ ሽሮውን መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው፤ መቀሱን ለእናቷ ሰጠቻት። «ለጋሽ ታዲዎስ ስጪልኝ። እሳቸው ጋ ይሥራበት፣ የሚቆርጠው ሰው።»

ቦሌ ላይ ሁሉም እንደሚያለቅሰው ተላቀሱ።

ዙለይካ መቀሱን ይዛ ባምቢስ የሄደችው በሳምንቱ ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ደርሶ ቤቱ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። ጋሽ ታዲዎስ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ የተበላሸ ጨርቅ ከእግራቸው ሥር ተከምሯል።

«ቆራጭ አልቀጠሩም እንዴ?»

«የሚሆን አላገኘሁም።» ወንበር ሰጧት። መቀሱን ሲያዩ አልተቀበሏትም። «የሷ ነው፣ ቤትዎ ይቀመጥ።» መቁረጣቸውን ትተው «አንድ ነገር ልንገርዎት?» አሉ። «ልትሄድ ሰሞን እዚህ መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። 'ጋሼ፣ እኔ ስሄድ ማን ይቆርጥልዎታል?' አለችኝ። ማለቴ፣ እኔ እርስዎ ስለ ስታዲየሙ ቤት ነግረዋት እምቢ ያለች ነው የመሰለኝ። ቅር ብሎኝ ነበር። 'አታስቢ፣ ቆራጭ ሞልቷል' አልኳት። ጠረጴዛውን በእጇ ጠራርጋ ሄደች።» ከዚያ ቀና አሉ። «ለመሆኑ ሲነግሯት ምን አለች?»

ዙለይካ «አልነገርኳትም» አለች።

ጋሽ ታዲዎስ መነጽራቸውን አውልቀው ጨርቁ ላይ አስቀመጡ።

ዙለይካ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁሉም ነገር ገባት። ልጇ «ዱባይ ወጣልኝ» ብላ ፊቷን ትኩር ብላ ያየችው፣ «አትፈሪም?» ያለችው፣ «ማን ይቆርጥልዎታል?» ያለችው አንድ ጥያቄ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች አትሂጂ የሚላትን ሰው ስትፈልግ ከርማለች። ያገኘችው አንድ ሰው ነው፤ እሷንም ዙለይካ ከቤት አባረረችባት። ይህን ስታስብ መንገድ ላይ አለቀሰች።

በቀጥታ ጀማነሽ ቤት ገባች። «አጥፍቻለሁ» አለቻት።

«እኔ ምንም አልሆንኩ» አለች ጀማነሽ። «ለሷ ንገሪያት።»

ዘሃራ የደወለችው በሐምሌ፣ አርብ ቀን ነው። ዙለይካ ስልኩን ይዛ ግቢው መሀል ወጣች፤ ቤት ውስጥ ድምፁ ይቆራረጣል። ሴቶቹ ቧንቧው አጠገብ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

«ደህና ነኝ እማ። ቤቱ ትልቅ ነው። አንቺ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ። አደራውን አደረስሽ?»

«የት ወጥቼ? አያስወጡኝም እኮ። የመድኃኒት ሽሮ አልጋዬ ሥር ነው።»

ዙለይካ ዓይኗን ጨፈነች። «ዘሃራ፣ እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። «ሃሎ?»

«አለሁ። እኔም አልፈልግም ነበር። ለምን ያኔ አላልሽኝም? እኔ እኮ ጠየቅኩሽ። ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቅኩሽ።»

«የልጇን ዕድል ዘጋች እንዳይሉኝ ብዬ...»

«እነማን?»

ዙለይካ ቀና ብላ ግቢውን አየች። ሴቶቹ ውሃቸውን ይቀዳሉ፤ አንዷም ወደሷ አላየችም። እነማን እንደሆኑ ልትነግራት ፈለገች፤ የምትጠራው ስም አጣች።

«ጋሽ ታዲዎስ ስታዲየም ጋ የስፖርት ልብስ የሚሰፋበት ቤት ይዘውልሻል» አለች በመጨረሻ። «ላንቺ ነው ያሉት። ነይ በቃ፣ ልጄ። ተመለሺ።»

«ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ እማ። ፓስፖርቴም እነሱ ጋ ነው።» የዘሃራ ድምፅ አልተቆጣም፤ ብትቆጣት ለዙለይካ ይሻላት ነበር። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጣራ ተሰማ። «ልሂድ፣ እየጠሩኝ ነው። መቀሱን ሰጠሻቸው?»

«አይ፣ ያንቺ ነው ብለው መለሱት። እዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ዘይት ቀቢልኝ» አለች ዘሃራ። «ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይዝጋል።»