ቤንዚን የሚታይበት ቱቦ

ዛኪር አንድ ሴት ልጅ አለችው፤ አያን ትባላለች። አንድ መኪናም አለችው፤ ከአባቱ የወረሳት ፔጆ። ልጁ ስታስነጥስ ‹ይማርሽ› ብሎ ያልፋል፤ ፔጆዋ ያስነጠሰች ቀን ግን ሥራ የለም፣ ምሳ የለም፣ ሰው ማናገርም የለም። እሷንም ቢሆን ፔጆ የምንላት ለክብሯ ብለን ነው እንጂ ሞተሯ የቶዮታ፣ ወንበሯ የሚኒባስ፣ መብራቷ ደግሞ አላህ ይወቀው የማን እንደሆነ። ከፔጆነቷ የቀራት ቆርቆሮዋ ነው።

አያን ልታገባ ነው ሲባል ዛኪር አንድ ነገር ተመኘ፤ ልጁን በዚችው መኪና፣ በገዛ እጁ ነድቶ፣ ከድሬው ሳቢያን ሰፈር ከዚራ ሰፈር ሙሽራው ቤት ድረስ ማድረስ። ሙሽራ የሚወስደው የወንዱ ወገን ነው፣ አባት ሹፌር የሆነበት ሰርግ የት አይተህ ታውቃለህ ብለው ዘመዶቹ ቢቆጡት፣ ከእንግዲህ ታያላችኋላ ብሎ ዘጋቸው።

ችግሩ ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሞተር ቤንዚን የሚወስደው የብረት ቱቦ ነበር፤ ዝጎ አልቋል። ሞተሩን የገጠመለት መካኒክ ሰማታር ነገሩን በሚገባ አስረዳው። ይሄ ሞተር እንደ ድሮው ቤንዚን እየማገ የሚጠጣ አይደለም፤ ፖምፓው በኃይል ነው የሚገፋለት። ስለዚህ ግፊት የሚችል ወፍራም ጥቁር ጎማ ይፈለጋል፣ ጫፍና ጫፉም በደንብ ይታሰራል። ዛኪር እሺ አለና ከጋራዡ ወጥቶ በርጫ ገባ።

እንግዲህ ጉድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ድሬ ላይ ጋራዥ የተጀመረ ሥራ የሚያልቀው በርጫ ላይ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ፀሐዩ ሰውን ከመንገድ ሲያባርር፣ ጫቱ ይዘረጋል፤ ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ መሐንዲስ ያልሆነ ሰው አይገኝም። የዚያን ቀን የመሐንዲሶቹ አለቃ ሚሬ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

«አቦ፣ ቤንዚን እኮ በስንት ሰልፍ የሚገኝ ነገር ሆኗል» አለ ሚሬ። «እንዲህ ተለምኖ የመጣ ነገር በጥቁር ጎማ ይደበቃል? ብርጭቆ የመሰለ ቱቦ አድርግለት፤ ሲሄድ ይታይ።»

ቤቱ በአድናቆት አጨበጨበ። የፔጆዋ የነዳጅ ጌጅ ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ ታዲያ ቱቦውን አይቶ ቤንዚን መኖር አለመኖሩን ማወቅ ምን የመሰለ ዘዴ ነው! አንዱ ዱዓ አደረገ፣ ሌላው አሚን አለ፣ ሐሳቡ ጸደቀ። ሰማታርን የጠየቀው የለም፤ ሰማታር ጫት አይቅምም፣ በምን አፉ ይናገራል?

ዛኪር ታይዋን ገበያ ወርዶ ወለል ብሎ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ገዛ። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነውና ይሄ የውሃ ነው፣ ለቤንዚን አይሆንም አለው። ዛኪር ግን ፈሳሽ ያው ፈሳሽ ነው ብሎ አስተማረው። ግቢው ውስጥ ራሱ ገጠመው፤ ጫፎቹንም በሽቦ ጠምዝዞ አሰራቸው። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ወርቅ የመሰለ ቤንዚን በቱቦው ውስጥ ሽው አለ፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ አየ። ሰማታርም መጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ። ቱቦው ሲሞቅ እንደሚለሰልስ፣ ሽቦውም እንደሚለቅ ነግሮት፣ ሌላ ሌላውን ተወውና ልጅህን እዚች መኪና ላይ አታሳፍር ብሎ ለመነው። ዛኪር በሆዱ፣ ቅናት ነው አለ።

የሰርጉ ቀን ድሬ እንደልማዷ በፀሐይ ትነድዳለች። ፔጆዋ በአበባ አጊጣ ከፊት፣ አጃቢው ጡሩንባውን እያንባረቀ ከኋላ። ሚሬ የሐሳቡ ባለቤት ነውና ጋቢና ተቀምጧል። ዛኪር በደስታ አንደበቱ ተፈቶ አላርፍ አለ፤ አባቱ በዚች መኪና እንዴት ሐረር እንደወሰዱት፣ አቀበቱን እንዴት እንደወጣችው ይተርካል። አያን ከኋላ መስኮቱን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ውጭ መልሳ ዝም ብላለች። የሙሽራ ዓይን አፋርነት መሰለውና ልቡ ጭራሽ ቅልጥ አለ።

መንገድ ሲጋመስ ሚሬ ሲጋራ አፉ ላይ ሰካና ክብሪት አወጣ። ሂና የተቀባ እጅ ከኋላ መጥቶ ክብሪቱን ነጠቀው።

«አባ፣ አቁም» አለች አያን።

አቆመ። ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት ቱቦው እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ጫፉ ከሽቦው ሾልኮ፣ በጋለው ሞተር ላይ ይረጫል። ሚሬ እንደተመኘው ቤንዚኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአጃቢው መሐል ሰማታር ሮጦ ደርሶ ፖምፓው እንዲቆም የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ ዛኪር ግን ያንን አላየም። ልጁን ከነቀሚሷ አቅፎ ከመንገዱ ማዶ ካለው ግንብ ሥር አድርሷት ነበር።

«መቼ ነው የሸተተሽ?» አላት።

«ከሳቢያን ሳንወጣ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለችው። «እሷን ስትነዳ ሁልጊዜ ደስ ይልሃል። አንድ ቀን እንኳ እኔም ደስታህ ውስጥ ልኑር ብዬ ነው።»

ሚሬ ከማዶ ሆኖ መኪናዋስ እንዴት ትሁን እያለ ይጣራል፤ ዛኪር ዞር ብሎም አላየው። ባጃጅ አስቁሞ አያንን አሳፈረ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስቦ አስገባላትና ከጎኗ ተቀመጠ። ከዚራ እስኪደርሱ እጇን አልለቀቀም።