የሚስቱ ገመና

“ለምን እንደሄድኩስ ነገርካቸው?” አለች ሚስቱ።

አናጺው ከረባቱን እያሰረ ነበር፤ እጁ አንገቱ ላይ ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እጮኛሞች ተሰብስበው እየጠበቁት ነው፤ ስለ ትዳር ሊያስተምራቸው። ይህን ሥራውን ይወደዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሳንቃ ሲልግ ከርሞ እሁድ “መምህር” መባል እንዴት አይጣፍጥ!

“ማን ነገረሽ?”

“ተማሪህ። እኔ ጋ ጸጉር ቤት መጥታ። ሚስትህ መሆኔን የት ታውቃለች? ጭንቅላቷን እያጠብኩላት፣ ‘የመምህራችን ሚስት እኮ እራት ቢያርርባት አኩርፋ እናቷ ቤት ሄደች፤ እናትየዋ ከደጅ መለሷት’ ብላ ተንከተከተች። እዚያ የነበረው ሴት ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?”

ባለፈው እሁድ ተማሪዎቹ ሲያንጎላጁ አይቶ ማሳቂያ ፈልጎ ነበር። ቅርብ ያገኘው ሚስቱን ነው። “‘ልጄ፣ የመጣሽበት መንገድ አይጠፋሽም’ አሏት አማቴ” ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዋናውን ነገር ግን አላነሳውም። ሚስቱ የዚያን ቀን አኩርፋ አልወጣችም። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ባረረ እራት ሰበብ ክንዷን ይዞ ወደ ውጭ ገፍትሮ በሩን የቀረቀረባት እሱ ነው።

“ሁለት በር ተዘግቶብኝ ነው ያመሸሁት” አለች ድምጿን ሳታነሳ። “ለእህቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እኔ የአንተን ገመና ሸፍኜ ስኖር፣ አንተ የእኔን አደባባይ አሰጣኸው።”

ፊቱ በእፍረት ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

“ዛሬውኑ እውነቱን እነግራቸዋለሁ” አለ። “በፊታቸው ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለነሱም ትልቅ ትምህርት ይሆናቸዋል።”

ቀና ብላ አየችው።

“እንደገና በኔ ልትሰብክ?”

ከረባቱን አጥብቆ አሰረ። ከቤት ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ግን ኑዛዜው በልቡ ውስጥ ራሱን እያሳመረ ይመጣ ነበር። የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ መሀረብ እንደሚያወጣ ሳይቀር ታየው። ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ ወንዶቹ መጥተው እጁን ሲጨብጡት ታየው። ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህኛው አፈረ። ሰው እንዴት ከጥፋቱ እንኳ ጭብጨባ ይፈልጋል?

ገና አዳራሹ እንደገባ አንዱ ወጣት፣ “መምህር፣ ዛሬስ ስለ ባለቤትዎ አይነግሩንም?” አለ። ጸጉሯን የተሠራችው እጮኛው ከጎኑ ፈገግ አለች። ሁሉም ለመሳቅ ተዘጋጅተዋል።

ያ ያማረ ንግግር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠው።

“ያ ታሪክ የኔ አልነበረም” አለ። “ሳላስፈቅዳት ነው ያወራሁት፤ ያውም አጣምሜ። ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ።”

“ምን አጥፍተው ነው?” አለች ልጅቷ።

“የኔን ካወራሁ የሷንም ማውራቴ ነው።”

ከኋላ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ተነስተው ወደሱ መጡ።

“ምን ነካህ ልጄ?”

“ይቅርታ አባቴ፣ ሌላ ሰው ያስተምር።”

“እስከ መቼ?”

“እኔንጃ። ለሰው የምናገረውን መጀመሪያ ቤቴ ልሞክረው።”

ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰፈር ውስጥ ሰላም ያሉትን ሰዎች እንኳ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ደጁ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቁልፉን አወጣ። ቀዳዳው ውስጥ ሊከት ሲል ግን ያ ምሽት ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ።

ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና በሩን ቀስ ብሎ አንኳኳ፤ ከዚያ ደጅ ቆሞ እስክትከፍትለት ጠበቀ።